ማስታወቂያ የሌለው ብሎግ ማስታወቂያ ሲያሳይ፦ የቲምታምብ ጉዳይ

ማርክ ሞንደር በ2011 ፊድጂት የሚባል ድርጅት ይመራ ነበር። የድርጅቱ ሥራ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በቀጥታ ተከታትሎ ማሳየት ነበር። ሰውዬው ኮድ ይጽፋል፣ ሰርቨር (ድረ ገጽ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) ያስተዳድራል፤ ለዚህ ዓለም እንግዳ አይደለም። የግል ብሎጉ ግን እንደ ብዙዎቻችን ብሎግ ዎርድፕሬስ በሚባለው ነጻ የብሎግ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ፣ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ቴም የተጫነበት ነበር። (ቴም የምንለው የብሎጉን መልክና አቀማመጥ የሚወስነውን የፋይሎች ጥቅል ነው። ዓመቶቹን ደግሞ ሁሉንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዷቸው።)

ኦገስት ሲገባ ብሎጉን ከፈተና ማስታወቂያ አየ። እሱ ብሎጉ ላይ ማስታወቂያ አያስገባም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚያደርገው ይታወቃል። የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፣ ማስታወቂያውን ፈልጎ ያጠፋል፣ ተገላገልኩ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ማስታወቂያው ይመለሳል። ሞንደር ግን ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ከዎርድፕሬስ ዋና ፋይሎች በአንዱ ውስጥ ሰው የማያነበው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አገኘ። ቤዝ64 በሚባለው አጻጻፍ የተቋጠረ ኮድ ነበር። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ኮዱ ይፈታና ሥራውን ይሠራል።

ኮዱን ማጥፋት ቀላል ነው። ከባዱ፣ ማን በየት በኩል ገብቶ ያንን ፋይል እንደነካው ማወቅ ነው። ፍለጋው ወደ መግቢያ ገጹም ወደ ይለፍ ቃሉም አልወሰደውም። የወሰደው ቴሙ ውስጥ ወደተቀመጠች አንዲት የምስል ማሳነሻ ፋይል ነው። ስሟ ቲምታምብ ነው። ሞንደር ያገኘውን ሁሉ ኦገስት 1 ቀን 2011 ይፋ አደረገ።

ስለ ብሎግ ጥበቃ ሲወራ ይህን የቆየ ጉዳይ የምመርጠው ሀከሩ አስደናቂ ስለነበረ አይደለም። ቲምታምብን ብሎጎቹ ውስጥ ያስገባት ሀከር አልነበረም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ወይ ከቴም ጋር አብራ መጣችላቸው፣ ወይ «ብሎግዎን እንዲህ ያሳምሩ» የሚል ትምህርት ተከትለው በገዛ እጃቸው ጫኗት። ስለዚህ «የትኛውን ትምህርት ልከተል?» እና «ብሎጌን እንዴት ልጠብቅ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ለያይቶ ማየት አይሆንልኝም።

ፋይሏ ለምን ተወደደች?

ቲምታምብ አንዲት የፒኤችፒ ፋይል ናት፤ ፒኤችፒ ሰርቨሩ የሚያስኬደው የኮድ ቋንቋ ነው። የምስል አድራሻ፣ ስፋትና ቁመት ትሰጧታላችሁ፤ ምስሉን በልኩ ቆርጣ ታቀርባለች። አንዴ የቆረጠችውን ካሽ በሚባል ፎልደር ታስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ታወጣለች። ፋይሏን ያሳደጋትና ይንከባከባት የነበረው ቤን ጊልባንክስ የተባለ የቴም ሠሪ ነው።

በጊዜው መጽሔት የሚመስል ብሎግ ፋሽን ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ እኩል የተቆረጠ ትንሽ ምስል ይደረደራል። ዎርድፕሬስ ያንን በራሱ አይሠራም ነበር። ቲምታምብ ትሠራለች፤ ያውም በነጻ። ቴም ሻጮች በየጥቅላቸው ከተቷት። አንዳንዶቹ ስሟን አሳጥረው «ታምብ» ብቻ አሏት። ይህ ስም መቀየር በኋላ ፋይሏን ፈልጎ ማግኘቱን አስቸጋሪ አድርጎታል።

በዲሴምበር 2009 ግን ዎርድፕሬስ 2.9 ወጣ። ያ ቨርዥን ለጽሑፍ መለያ ምስል መመደቢያና በልኩ ማሳያ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ቲምታምብ ለአብዛኛው ብሎግ የግድ አልነበረችም። ትምህርቶቹ ግን አልተለወጡም። አንዱ ከሌላው ይቀዳል፤ ይህን ፋይል አውርዱ፣ ቴሙ ውስጥ ክተቱ፣ የካሽ ፎልደሩን ፈቃድ 777 አድርጉ፣ ይህችን መስመር እዚህ ጋ ለጥፉ ይላል። ታደርጋላችሁ። ምስሉ ተስተካክሎ ይወጣል። ትምህርቱም እዚያው ያልቃል።

ስለ 777 ጥቂት ልበል፤ ያለ ምክንያት አልጠቀስኩትም። በሊነክስ ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ሦስት ዓይነት ፈቃድ አለው፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። ሲደመር 7 ይሆናል። የመጀመሪያው 7 ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ሰርቨሩ ላይ ላለ ለማንኛውም ሌላ ተጠቃሚ ነው። 777 ማለት እንግዲህ እዚያ ሰርቨር ላይ ያለ ሁሉ ፎልደሩ ውስጥ እንዳሻው መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ለዎርድፕሬስ የተለመደው ፈቃድ ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ነው። 777 የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አስተማሪው ትክክለኛውን ፈቃድ መፈለግ ሲሰለቸው ነው። ይሠራል አዎ። የሚሠራው ግን ለሁሉም ነው።

ክፍተቱ እንዴት ይሠራ ነበር?

ቲምታምብ የራሳችሁን ምስል ብቻ አይደለም የምትቆርጠው። ከሌላ ድረ ገጽም ምስል ማምጣት ትችል ነበር። ከየትም እንዳታመጣ የተፈቀዱ ድረ ገጾች ዝርዝር ነበራት፤ ፍሊከር፣ ፒካሳ፣ ብሎገር፣ ፎቶባኬትና የመሳሰሉት። ሐሳቡ ደህና ነው። ችግሩ ማጣሪያው ላይ ነበር። ማጣሪያው የሚጠይቀው አድራሻው ውስጥ ከተፈቀዱት ስሞች አንዱ አለ ወይ ብሎ ብቻ ነው። የት ቦታ እንዳለ አያይም። «እገሌ» የሚል ስም ከሰማ የእገሌ ዘመድ ይሁን የእገሌ ጠላት ሳይጠይቅ የሚያስገባ ዘበኛ በሉት።

የኢንተርኔት አድራሻ ባለቤት የሚታወቀው በዶሜይኑ (በድረ ገጹ ስም) መጨረሻ ነው። «ብሎገር ዶት ኮም» ቀድሞ ከመጣና ከኋላው የሌላ ሰው ዶሜይን ከተከተለ፣ አድራሻው የዚያ የሌላው ሰው ነው። አጥቂ አንድ ዶሜይን ይገዛል፤ ከፊቱ «ብሎገር ዶት ኮም» የሚል ቅጥያ ያስቀድማል። ይህን ማንም የዶሜይን ባለቤት ማንንም ሳያስፈቅድ ማድረግ ይችላል። እዚያ ላይ በምስል ፈንታ የፒኤችፒ ኮድ ያስቀምጣል። ከዚያ የእናንተን ቲምታምብ «ይህን ምስል አምጪልኝ» ይላታል። እሷም ታመጣለች።

ያመጣችውን ደግሞ ምስል መሆኑን በወጉ ሳታጣራ ካሽ ፎልደሩ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የተቀመጠበት ስም ከአድራሻው በስሌት የሚወጣ ስለሆነ አጥቂው አስቀድሞ ያውቀዋል። ካሽ ፎልደሩ ያለው ማንም ጎብኚ በብሮውዘር ሊደርስበት በሚችል ቦታ ነው። አጥቂው የፋይሉን አድራሻ ይጽፋል፣ ኢንተር ይላል፤ ሰርቨሩ ኮዱን ያስኬደዋል። ከዚህ በኋላ ብሎጉ የእሱ ነው። ዋና ፋይሎችን ይነካል፣ ማስታወቂያ ይጭናል፣ ጎብኚን ወደ ሌላ ገጽ ይመራል።

እዚህ ውስጥ የይለፍ ቃል የለም። ባለ ሠላሳ ፊደል የይለፍ ቃል ብታስቀምጡ፣ በስልክ ኮድ ብታጠብቁት፣ ይህን ጥቃት አያስቆመውም። በይለፍ ቃል ግምት የሚሰበሩ ብሎጎች ብዙ ናቸውና ጠንካራ የይለፍ ቃልና ሁለተኛ ማረጋገጫ የግድ ያስፈልጋሉ። የጥበቃ ምዕራፉን እዚያ ላይ የሚዘጋ ትምህርት ግን ከሰርቨሩ ላይ ያለውን ኮድ ጨርሶ ረስቶታል።

አንድ ሌላ ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። ቲምታምብ ያለችበት ቴም ሥራ ላይ መሆኑ ግድ አልነበረም። ከዓመት በፊት ሞክራችሁ የተዋችሁት፣ ፎልደሩ ውስጥ የተኛ ቴምም በቂ ነው። ፋይሏ ሰርቨሩ ላይ እስካለች ድረስ በአድራሻዋ ትጠራለች። የማትጠቀሙበትን ቴምና ፕለጊን (ለብሎጉ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ጥቅል) ማቆም ሌላ፣ ማጥፋት ሌላ ነው።

መድኃኒቱ በቀናት ተገኘ፤ ሳይደርስ ግን ቀረ

ሞንደር መጀመሪያ የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ የተፈቀዱ ድረ ገጾችን ዝርዝር ባዶ አድርጉት። ግን ነገሩ በዚያ አላረካውም። ከውጭ ያመጣውን ፋይል ጎብኚ በሚደርስበት ፎልደር ውስጥ የሚጽፍ ፕሮግራም ማጣሪያው ቢስተካከልም አደገኛ ነው የሚል አቋም ነበረው። ትክክል ነው። ስለዚህ ኮዱን እንደ አዲስ ጻፈውና ዎርድታምብ ብሎ አወጣው። ብዙም ሳይቆይ ከጊልባንክስ ጋር ተስማምተው ሥራዎቹን አዋሃዷቸውና ቲምታምብ 2.0 ሆነ።

ጊልባንክስ በዚህ ጉዳይ ውስጥ እንደ ጥፋተኛ ሲነሳ አይቻለሁ። እኔ አይመስለኝም። የራሱ ድረ ገጽም በዚያው ክፍተት ተጠቅቷል። ችግሩን አልካደም፣ አልተደበቀም፤ ይቅርታ ጠይቆ መጠገን ጀመረ። በነጻ የሰጠው ፋይል ነው። ሞንደርም ሰውየውን ከማዋረድ አብሮት ሠራ። (በኋላ ዎርድፌንስ በሚባለው የጥበቃ ፕለጊን የታወቀው ይኸው ሞንደር ነው።) ከክፍተቱ መገኘት እስከ አዲሱ ቨርዥን ያለው መንገድ አጭርና ንጹህ ነበር።

ጥገናው ብሎጎቹ ጋ መድረስ ላይ ግን ነገሩ ተሰናከለ። ቲምታምብ ብቻዋን የቆመች ፕለጊን ብትሆን ኖሮ የዎርድፕሬስ ማስተዳደሪያ ገጽ «አዲስ ቨርዥን አለ» ይል ነበር። እሷ ግን ቴም ውስጥ የተቀመጠች ፋይል ናት። ዎርድፕሬስ መኖሯንም አያውቅም። የቴሙ ሠሪ አዲሱን ፋይል አስገብቶ ቴሙን አፕዴት ማድረግ አለበት። ከዚያ የብሎጉ ባለቤት ያንን አፕዴት መጫን አለበት።

ባለቤቱ ደግሞ አይጭንም። እምቢተኛ ሆኖ አይደለም። የተከተላቸው ትምህርቶች ሁሉ «የቴሙን ፋይል ክፈቱ፣ ይህን ኮድ ለጥፉ» ሲሉት ነው የኖሩት። ቀለሙን፣ የራስጌውን ጽሑፍ፣ የጎን ዝርዝሩን የቀየረው እዚያው የቴሙ ፋይሎች ውስጥ ነው። ቴሙን አፕዴት ካደረገ ያ ሁሉ ልፋት ይጠፋል። ስለዚህ የአፕዴት ማሳሰቢያውን እያየ ያልፋል። የተበላሸውን ትምህርት የሰጠው ሰው ስለ ቲምታምብ አንድም ቃል ላይናገር ይችላል፤ ብሎጉ የማይጠገን እንዲሆን ያደረገው ግን እሱ ነው።

መፍትሔው በጊዜው ነበረ። ቻይልድ ቴም ይባላል። ከዋናው ቴም ጎን ትንሽ ፎልደር ትከፍታላችሁ፤ ለውጣችሁን ሁሉ እዚያ ትጽፋላችሁ። ዋናው ቴም ሲታደስ የእናንተ ለውጥ አይነካም። ትምህርቱ ላይ አንድ ሁለት አንቀጽ ይጨምራል እንጂ ከባድ ነገር አይደለም። ጀማሪን ላለማስፈራት ተብሎ ይዘለላል።

ስለዚህ ምን ዓይነት ትምህርት?

ይህን ጉዳይ ካየሁ በኋላ ትምህርት ስመርጥ መጨረሻውን ነው መጀመሪያ የማየው። ትምህርቱ «ሠራ!» ላይ ካበቃ እጠራጠራለሁ። የጫንኩትን ነገር ማን ያድሰዋል? አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ምን ይሆናል? ሲሰለቸኝ እንዴት ነው የማጠፋው? ለእነዚህ መልስ ያለው ትምህርት ጥቂት ነው፤ ሲገኝ ግን ሌላውም ይዘቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። ስለ ነገ የሚያስብ አስተማሪ ስለ ዛሬውም ይጠነቀቃል።

ሁለተኛው የማየው ምክንያት መስጠቱን ነው። «777 አድርጉ» የሚል ትምህርትና «ሰርቨሩ እዚህ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ስላለበት ይህን ያህል ፈቃድ ስጡት፣ ከዚህ አትለፉ» የሚል ትምህርት አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ትምህርቱ ቢያረጅም እናንተ ማሰብ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው።

ቀን ማየት የሚባለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ብቻውን ያታልላል። የ2008 ትምህርት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ እንደ አዲስ ይወጣል። ከቀኑ ይልቅ ስክሪኑን እዩት። አስተማሪው የሚያሳየው ማስተዳደሪያ ገጽ እናንተ የምታዩትን ይመስላል? የሚያስጭናችሁ ነገር አሁን ሶፍትዌሩ ራሱ ከሚሠራው ውስጥ አይደለም? ከ2009 መጨረሻ በኋላ ቲምታምብን የተማረ ሰው የዎርድፕሬስን የራሱን መመሪያ አንዴ ቢያይ ኖሮ ላያስፈልገው ይችል ነበር። የሶፍትዌሩ ይፋዊ መመሪያ ደረቅ ነው፣ አዎ። ነጻ ነው፣ ይታደሳል፣ ሊሸጥላችሁ የሚፈልገው ነገርም የለም።

መሸጥ ካልን አይቀር፦ ብዙ የብሎግ ትምህርቶች ስለ ሆስቲንግ (ብሎጉ ስለሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ) ሲናገሩ የሚጠቁሙት ኮሚሽን የሚከፍላቸውን ነው። ነውር አይደለም፤ ካልተነገረ ግን ምክሩ ምክር አይደለም። የሚከፈልበትን ቴም «በነጻ ውሰዱ» ብሎ ዚፕ ፋይል የሚያድል አስተማሪ ካጋጠማችሁ ግን ገጹን ዝጉት። እንዲህ ያለ ጥቅል ውስጥ የተደበቀ ኮድ ማስገባት የታወቀ ሥራ ነው፤ አፕዴትም አያገኝም።

በ2017 የሆነው ንጽጽር

ከቲምታምብ ስድስት ዓመት ያህል በኋላ ክፍተት ዎርድፕሬስ ራሱ ውስጥ ተገኘ። 4.7 እና 4.7.1 ላይ ማንም በይለፍ ቃል ሳይገባ የሌላ ሰው ጽሑፍ ማረም የሚያስችል ስህተት ነበር። ሱኩሪ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አገኘውና በምስጢር አሳወቀ። ጥገናው በ4.7.2 ጃንዋሪ 26 ቀን 2017 ወጣ። የከፋው ክፍተት ምን እንደሆነ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 1 ድረስ አልተነገረም። በመሃል ያሉት ቀናት የተሰጡት ብሎጎች በራሳቸው እንዲታደሱ ነው። ከኦገስት 2011 በተለየ መድኃኒቱ ከወሬው ቀድሞ ደረሰ። ምክንያቱም ከ3.7፣ ማለትም ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ዎርድፕሬስ ትንንሽ የደኅንነት አፕዴቶችን ባለቤቱን ሳይጠብቅ ይጭናል።

ወሬው ከተሰማ በኋላ ግን ብዙ ገጾች ተበላሹ፤ የሰው ጽሑፍ ጠፍቶ የሀከር ፊርማ ተጻፈበት። እነዚያ ያልታደሱት ናቸው። «አፕዴት ብሎጌን ያበላሽብኛል» የሚል ፍርሃት አለ፤ አውቶማቲክ አፕዴትን በአንድ መስመር ኮድ ማጥፊያ የሚያስተምሩ ጽሑፎችም እንደ ጉድ ናቸው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ለዚያ መልሱ ግን ባክአፕ፣ ማለትም የብሎጉ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ከሰርቨሩ ውጭ የተቀመጠ፣ አንዴ ተመልሶ የተሞከረ ባክአፕ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ተጠቅታችሁ ከሆነ

ሞንደር ነገሩን ከሥሩ የያዘበት መንገድ ዛሬም ይሠራል። መጀመሪያ ያለውን ሁኔታ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ የሰርቨሩን የጉብኝት መዝገብ ጭምር። ሳታስቡ ካጠፋችሁት በየት እንደገቡ የሚነግራችሁ ማስረጃ ይጠፋል። ከዚያ የገቡበትን ፈልጉ። ሳትዘጉት ማጽዳት ድካም ብቻ ነው።

ስታጸዱ የተበከለውን መስመር ብቻ መንቀል አይበቃም፤ አጥቂ ተመልሶ መግቢያ ሌላ ቦታ ይደብቃል። የዎርድፕሬስን ዋና ፋይሎች፣ ቴሙንና ፕለጊኖቹን ከዋናው ምንጭ አውርዳችሁ በአዲስ ተኩ። የምስል ፎልደሩ ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል ካለ ሥራው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ እዚያ የሚኖረው ምስልና ሰነድ ነው። የማታውቁት አስተዳዳሪ ተጠቃሚ ካለ አጥፉ። የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ቀይሩ፤ የዳታቤዙንና የሆስቲንጉን ጨምሮ። ኮንፊግ ፋይሉ (የብሎጉ ቅንብር የተጻፈበት) ውስጥ ያሉትን ምስጢራዊ ቁልፎች መቀየርም አትርሱ፤ እነሱ ሲቀየሩ ገብቶ የተቀመጠ ሁሉ ይወጣል። ጎግል በገጻችሁ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ከሆነ፣ ካጸዳችሁ በኋላ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የራሱ አገልግሎት በኩል ድጋሚ እንዲያይላችሁ ትጠይቃላችሁ።

ቲምታምብ ራሷ በ2014 ሌላ ክፍተት ተገኘባት። በ2.8.14 ተጠገነ፤ በዚያው ዓመት ጊልባንክስ ከእንግዲህ እንደማይደግፋት አሳወቀ። ያረጀ ቴም ያለው ወይም የቆየ ብሎግ የተረከበ ሰው የቴም ፎልደሮቹን ከፍቶ «ቲምታምብ» (timthumb.php) ወይም «ታምብ» (thumb.php) የሚል የፒኤችፒ ፋይል መኖሩን ይይ፤ የተኙትንም ቴሞች ጨምሮ። ከተገኘች 2.8.14 ብትሆንም የሚጠግናት የለም። ቴሙ ያለ እሷ ምስል ማሳየት ካልቻለ፣ የሚቀየረው ቴሙ ነው።